«ደህና ነኝ» ያለው ሰው፦ ከጮቄ ተራራ አንድ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጮቄ ላይ ስላጋጠመን ነገር ነው። ማንም አልሞተም። ሆስፒታል የተኛም የለም። ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ጓደኛችን ከእጃችን ሊያመልጥ ነበር። የዚያን ሰዓት ግማሽ ያጠፋነው ደግሞ ያልያዘውን በሽታ ስናክም ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። የራሴን ጥፋት ግን አልዘልም፤ የዚያን ቀን ሁለተኛው መሪ እኔ ነበርኩ።

ቦታውና ወቅቱ

ጮቄ የጎጃም የውኃ ማማ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ጀደብ ከዚያው ይነሳሉ፤ ዞረው ዞረው ዓባይ ይገባሉ። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደምሳሳው አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ማርቆስ ላይ በሹራብ ቡናውን የሚጠጣ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ 10 ዲግሪ ያህል ጎድሎ ይጠብቀዋል። ነፋሱና እርጥበቱ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ጮቄ ሲባል ጥቅጥቅ ያለ ጫካ የሚጠብቅ ሰው ግር ይለዋል። ገብስና ድንች ተዳፋቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ከእርሻው በላይ የአስታ ቁጥቋጦ አለ፣ ከዚያ የጓሳ ሣር። በጓሳው መሀል ተራርቆ የቆመ ጅብራ ይታያል። ጅብራውን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ጉድ ይሠራናል።

ጥቅምት ለእግር ጉዞ ደስ የሚል ወር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው። ግን ደጋ ላይ ዝናብ በቀን መቁጠሪያ አይመራም። ብርዱም ያው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያስባለው ብርድ ነው። ለእኛ አጥንቱም አልነበረም። ቀኑ ዓርብ ነበር።

ቡድኑ

ስምንት ተጓዦች ነበርን። አብዛኞቻችን ከአዲስ አበባ ሐሙስ መጥተን ማርቆስ አደርን። ዓርብ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በኮንትራት ሚኒባስ ተነሳን። ሮብ ገበያን አልፈን ወረድንና እግራችንን ጀመርን። መንገድ የሚመራን 17 ዓመት የማይሞላው የአካባቢው ልጅ ነበር። ድንኳኑንና የመኝታ ከረጢቱን ሁለት በቅሎዎች ተሸክመው፣ ከነጂያቸው ጋር በአቋራጭ ቀደሙን። ማደሪያችን ከሸንተረሩ ማዶ ነበር።

የዚህ ታሪክ ባለቤት 27 ዓመቱ ነው። ቢሮ ይውላል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ይወጣል። ከሁላችንም ፈጣኑ እሱ ነበር። የለበሰው ጂንስ፣ የጥጥ ቲሸርትና የጥጥ ሹራብ ነው። የዝናብ ጃኬትም ነበረው። ግን ጠዋት ፀሐይዋ ስታምርበት ጃኬቱን ከመኝታው ጋር ጠቅልሎ በቅሎዋ ላይ ጫነው። ሲጭን አየሁት። ምንም አላልኩም።

ሌላም ነገር ነበር፣ ይሄኛውን ግን አላየሁም። ስንቃችን ሁሉ የጾም ነበር፦ ዳቦ፣ ለውዝ፣ ቆሎ። የጾም ምግብ መብላትና እስከ 9 ሰዓት መጾም ግን ለየቅል ናቸው። እሱ እስከ 9 ነበር የሚጾመው፣ ውኃም ጭምር። ለማንም አልተናገረም። 6 ሰዓት ላይ ለምሳ ስንቀመጥ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ኋላ እደርስበታለሁ» አለና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ማንም አልጠረጠረም። እንዲያውም ዳቦውን እኔ በላሁለት።

ዝናቡ

7 ሰዓት ከሩብ ላይ ጉም መጣ። ወዲያው የሽምብራ ፍሬ የሚያህል በረዶ፣ አስከትሎ ዝናብ። ነጎድጓዱ ቅርብ ስለነበር ከሸንተረሩ ጫፍ ወረድ ብለን ተራርቀን ቁጢጥ አልን። ለመብረቅ ትክክለኛው ነገር ይኸው ነው። ለብርድ ግን መጥፎ ነው፤ ሰው ረጥቦ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። 40 ደቂቃ ያህል እንደዚያው ቆየን። ጓሳው ነጭ ሆነ። የዝናብ ልብስ ያለው ለበሰ፣ የሌለው ጀርባውን ሰጠ።

ዝናቡ ሲያባራ ነፋሱ ተነሳ። «እንሂድ፣ እንሂድ፣ እንሙቅ» ተባብለን ተነሳን። መሪያችን ከልጁ ጋር ከፊት ሆነች። እኔ መሀል ላይ ከአንዱ ጋር ወሬ ይዣለሁ። ከኋላ እንዲሆን የተመደበ ሰው አልነበረም። 8 ሰዓት ላይ ዞር ብዬ ጓደኛችንን አየሁት፣ ትንሽ ወደኋላ ቀርቷል። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ ሂዱ» አለኝ። ወሬዬን ቀጠልኩ።

ስምንተኛው ሰው

8 ሰዓት ተኩል ላይ መሪያችን ቆመችና ሰው ቆጠረች። ከራሷ ጋር ስምንት፣ ልክ ነው። ጉሙ ውስጥ ከሁሉም ኋላ አንድ ረዘም ያለ ሰው ቆሟል። ትንሽ ጠበቀችው። አልተንቀሳቀሰም።

«ያ ሰው ምን ሆኖ ነው የቆመው?» አለች።

ልጁ ወደዚያ አየና «የቱ? እሱማ ጅብራ ነው» አለ።

ጅብራ አበባውን ሲያወጣ ቁመቱ ከሰው በላይ ይሆናል። ጉም ውስጥ ትከሻና ራስ ያለው ይመስላል። ተክል ቆጥረን ሰው ጥለናል።

ወደኋላ ሮጥን። አሥር ደቂቃ ያህል መንገድ ላይ አገኘነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የአንድ ጫማው ማሰሪያ ተፈቷል፤ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ ያያቸዋል። መሪያችን ጎንበስ ብላ «ደህና ነህ?» አለችው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላት። ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፣ ሦስቴም ያንኑ መለሰ። በሦስተኛው ምላሱ ተሳስሮ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ ቋንቋ «ደህና ነኝ» የሰላምታው ግማሽ ነው። ቀብር ውሎ የመጣ ሰውም ይለዋል። እኛ ግን ያንን ቃል ሙሉ ቀን እንደ ምርመራ ውጤት ስንቀበል ዋልን። እሱም አልዋሸም። ሰውን ላለማስቸገር ያደገበትን መለሰ።

ያልያዘው በሽታ

«ከፍታው ነው» አልኩ። በልበ ሙሉነት ነው ያልኩት። ከጉዞው በፊት ሁላችንም የተነጋገርነው ስለ ከፍታ ሕመም ነበር። ራስ ዳሽን የወጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። መድኃኒቱ መውረድ እንደሆነም እናውቃለን። ስለዚህ ግራና ቀኝ ደግፈን ወደመጣንበት፣ ወደ መኪናው አቅጣጫ ይዘነው ሄድን። መንገዱ ሸንተረሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ነፋሱም ፊት ለፊት። 20 ደቂቃ ያህል እንዲህ ተጓዝን። ሰውየው እርጥብ የጥጥ ልብሱን እንደለበሰ ነው።

ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ተቀመጠ። መሪያችን ውኃ አቀረበችለት። እጁን አወዛወዘና እየተኮላተፈ «ዘጠኝ ሰዓት ሞላ እንዴ?» አለ።

ሰዓቴን አየሁ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ።

ያኔ ነው ሁሉም የገባን። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከበላው ራት ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። 19 ሰዓት መሆኑ ነው። ልጁ ደግሞ ዝም ብሎ የጓደኛችንን እጅ ያዘ፣ ጣቶቹን ሊያጥፋቸው ሞከረ፣ አልታጠፍ አሉት። «ቆፈን ነው የያዘው» አለ። «እኛ ዘንድ ከብት ጠባቂ ልጅ እንዲህ ይሆናል። መሄዱን ተዉት፣ መጀመሪያ ልብሱን አውልቁለት።»

በኋላ ከአንድ ሐኪም ጋር ቁጭ ብዬ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳሁት። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። መጀመሪያ ሰውየው ይንዘፈዘፋል። ከዚያ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፣ ይደናቀፋል፣ ይኮላተፋል፣ ሐሳቡ ይዘገያል። እየባሰ ሲሄድ መንዘፍዘፉ ራሱ ይቆማል። ያኔ የተሻለው ይመስላል፣ አደጋው ግን ያኔ ነው። የእኛም ሰው 8 ሰዓት ላይ ሲንቀጠቀጥ ያየው ሰው ነበር። ስናገኘው ግን አይንቀጠቀጥም። ይህንንም እንደ ደህንነት ቆጥረነዋል።

የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በራስ ምታት ይጀምራል፤ ማቅለሽለሽና ድካም ይከተላል። ራሱን አሞት እንደሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅነውም። በኋላ ሲነግረን ጭራሽ አላመመውም። ይሁን እንጂ የባሰ የከፍታ ሕመም አንጎል ላይ ሲወጣም ሰውን ያንገዳግዳል። የደም ስኳር መውረድም እንደዚሁ። ሦስቱም ሰውን ሰካራም ያስመስላሉ። ሐኪሙ ያለኝ ነገር፣ ተራራ ላይ ሦስቱን መለየት ካቃተህ ለሦስቱም የሚሆነውን አድርግ ነው፦ ከነፋስ አስጠልል፣ አድርቅ፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ስጥ፣ ከዚያ አውርድ። እኛ አራተኛውን አንደኛ አደረግነው።

ከድንጋዩ ጀርባ

ትልቅ ድንጋይ ነበር፣ ነፋሱን የሚከልል። ሻንጣዎቻችንን አነጠፍንና ከመሬቱ ለይተን እላያቸው ላይ አስቀመጥነው። እርጥብ ልብሱን እስከ ካልሲው አወለቅን። እሱ አፍሮ ሱሪውን ጨምድዶ ያዘ፤ ጣቶቹ ግን ቁልፉን እንኳ መያዝ አልቻሉም። ከአንዱ ደረቅ ሱሪ፣ ከሌላው ወፍራም ጃኬት ተገኘ። ልጁ የለበሳትን ባና አውልቆ ሰጠው። ላዩ እርጥብ ነበር፣ ውስጡ ግን ሞቃት ነው። የበግ ፀጉር ረጥቦም ሙቀት ይይዛል። ጥጥ ግን ውኃውን ይዞ ገላ ላይ ይለጠፍና ሙቀቱን ይመጥጣል። የደጋ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። እኛ በየሱቁ ዞረን የገዛነው ልብስ ውስጥ ነበርን።

ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ተጠግቶ አቀፈው። ሁሉንም በአንድ ላስቲክ ሸፈንን። መሪያችን ምራቁን ዋጥ እንዲያደርግ ጠየቀችው፣ ዋጠ። ከፔርሙሱ ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። ሻዩን ሲቀበል 9 ሰዓት አልፎ ነበር፣ ስለዚህ ክርክር አልነበረም። ልጁ ከኮሮጆው በሶ አወጣ፤ በሻዩ ለወሰውና ጭብጦ አደረገው። ጭብጦዋ የአውራ ጣት ታክላለች። ጓደኛችን የመጀመሪያዋን ለረጅም ጊዜ አኘካት። ሦስተኛዋን ራሱ እጁን ዘርግቶ ጠየቀ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኃይለኛ መንዘፍዘፍ ጀመረው። ጥርሱ ይንገጫገጫል። እኛ ባሰበት ብለን ደነገጥን። ለካ የተመለሰበት ምልክት ነው።

ስልክ? ኔትወርክ አልነበረም። የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 መጥራት እንደሚቻል ሁላችንም እናውቃለን። ማወቁ እዚያ ድንጋይ ሥር ምንም አልጠቀመም።

ሽማግሌው ቤት

ልጁ ነፋሱ በማይነካው በኩል ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ቤት አለ አለን። ጓደኛችን ተደግፎ መራመድ ቻለ። 11 ሰዓት ገደማ የጓሳ ክዳን ያለው ቤት ደጅ ደረስን። ልጁ «እንደምን ዋላችሁ ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። ሽማግሌው ብቅ ብለው ዘጠኝ ሰው በሩ ላይ ሲያዩ ምንም አልጠየቁም። «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትግል ከደግነት ጋር ነበር። መጀመሪያ አረቄ መጣ። «አንዲት መለኪያ ይቅመስ፣ ደሙ ይንቀሳቀሳል» አሉ ሽማግሌው። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል፤ ግን ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣና ሙቀቱን ያስበትነዋል። ይህን እናውቅ ነበር። የሽማግሌን እጅ መመለስ ግን ከባድ ነው፣ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። መሪያችን መለኪያውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ «ለእሱ እኔ ልጠጣለት አባቴ» አለችና ጨለጠችው። ሽማግሌው ሳቁ። ነገሩም በዚያው አለፈ።

ቀጥሎ እሳት ዳር አስጠግተው እግሩን ሊያሹት ሆነ። ይህም አይመከርም፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማም፣ ብርድ የመታውን ሰው አካል ማሸትም ጉዳት አለው። ከምድጃው ራቅ ብሎ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈለት። የቤቱ እመቤት የገብስ አጥሚት በማር አድርገው አመጡለት። ስለ ጾሙ ሲሰሙ ቆጣ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ተራራ የሚወጣ ሰው ለነፍስ አባቱም ለጓደኛውም ይናገራል» አሉት። ከዚያ ምሽት ከተናገርነው ሁሉ እሱ ንግግር ይበልጣል።

በማግስቱ ፀሐይ ሲሞቅ ቀስ ብለን ወደ መኪና መንገዱ ወረድን። ጤና ጣቢያ ታየ፣ የቀረ ጉዳት አልነበረበትም። የተሰቃየው በቅሎ ነጂው ነው። ማዶ ድንኳን ተክሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀን አደረ። ሲያገኘን የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ባናው፣ በሶው፣ ላስቲኩና የልጁ ዓይን ነው። አራቱም ከእኛ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ላስቲኩ ራሱ ምሳ ስንበላ የተቀመጥንበት ነው።

ያልሠራው ብዙ ነው። የዝናብ ልብስ በቅሎ ላይ ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለት መሪዎች ፊትና መሀል ከሆኑ ኋላው የማንም አይደለም። የመመለሻ ሰዓትም አልቆረጥንም ነበር። 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ጉሙ ሲመጣ ተመለሱ የሚለን ነገር ስላልነበረ ቀጠልን።

አንድ ነገር ላይ እስካሁን ከመሪያችን ጋር አንስማማም። እሷ ከድንጋዩ ጀርባ ተጨማሪ አንድ ሰዓት መቆየት ነበረብን ትላለች። ብርድ የመታው ሰው ቶሎ ሲራመድ ከእጅና ከእግሩ ቀዝቃዛ ደም ወደ ልቡ ይመለሳል። እውነቷን ነው። እኔ ደግሞ የመኝታ ከረጢት አልነበረንም፣ 12 ሰዓት ላይ ይመሻል፣ ቤቱ ቅርብ ነው እላለሁ። ሐኪሙም ለአንዳችንም አልፈረደም።

አሁን የምናደርገው

ዛሬ ወደ ጮቄ ማቅናት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ያጣራ። የቀረው እንዲህ ነው።

እያንዳንዱ ሰው የዝናብ ልብሱን፣ አንድ ደረቅ የሱፍ ሹራብና የአንድ ቀን ምግቡን በራሱ ጀርባ ይይዛል። ጂንስ የለበሰ አይወጣም። በዚህ የተቀየመን ሰው አለ።

ጾምን የምንጠይቀው ከቀናት በፊት ነው፣ ለየብቻ፣ በስልክ። በሰው ፊት ከተጠየቀ ይሉኝታ ይገባል። እስከ 9 የሚጾም ካለ ጉዞው ከረቡዕና ከዓርብ ይወጣል፤ ካልተቻለም የዚያ ቀን መንገድ አጭር ይሆናል። ሰውየው አይቀየርም፣ ቀኑ ነው የሚቀየረው።

ኋላ የሚሆን ሰው በስም ይመደባል፤ ከእሱ በኋላ ማንም አይቀርም። ቆጠራ በዓይን ቀርቷል። እያንዳንዱ ቁጥሩን ይጠራል። ጅብራ ቁጥር አይጠራም።

«ደህና ነህ?» የሚለውን ሙሉ በሙሉ አልተውነውም፤ ሰላምታ ነው፣ አይተውም። ለማወቅ ስንፈልግ ግን ሥራ እንሰጣለን። «እስቲ አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣትህ ጋር አገናኛት።» «ይቺን ፔርሙስ ክፈትልኝ።» «እዚህ መስመር ላይ ተረከዝህን ከጣትህ ፊት እያደረግህ አሥር እርምጃ ሂድ።» ቆፈን የያዘው እጅ አይዋሽም። ራስ ምታትንም ለይተን እንጠይቃለን፣ «ራስህን ከአሥር ስንት ያመሃል?» ብለን።

ጓደኛችን ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ አብሮን ወጥቷል። ኪሱ ውስጥ በሶ አይጠፋም። ያን ቅዳሜ ጠዋት ባናዋን ማርቆስ ወስዶ፣ አጥቦና ተኩሶ ሊልክለት ለልጁ ቃል ሊገባ ሞክሮ ነበር። ልጁ ከእጁ ቀማው።

«ኧረ አይታጠብም! እስኪደርቅ እኔ ምን ልለብስ ነው?» አለው።